የአያቶቻችን ቤት የት ነው ያለው?

ወዳጆች፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ጉዳዩ የሁላችንም ቤት ስለሆነ ግን እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ዝለቁ።

ከሰበታ ተነሥታችሁ ዓለም ገና ላይ የቡታጅራን መንገድ ብትይዙ፣ አዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ትደርሳላችሁ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ቦታውን በ1963 እ.ኤ.አ. ያገኘው ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው። ከእሱ በኋላ ዣን ሻቫዮን የተባለው ፈረንሳዊ የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ቁፋሮውን መራ። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎችና የእንስሳት አጥንቶች እዚያ ተገኝተዋል። ከፊሎቹ ከተገኙበት መሬት ሳይነሡ ጣሪያ ተሠርቶላቸው፣ ጎብኚ ከአጠገባቸው ቆሞ ያያቸዋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ደስ ይላል፤ ይገባዋልም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሙዚየሙ ዕቃዎቹን ያስቀመጠው በጎጆ ቅርጽ በተሠሩ ክብ ቤቶች ውስጥ ነው። ጎብኚው ወደ ጎጆው ገብቶ ድንጋዩን አይቶ ይወጣል። ጎጆው የሌላ ነገር ማስቀመጫ ሆነ እንጂ ራሱ የሚታይና የሚጠና ነገር አልሆነም።

እንግዲህ ከሚሊዮን ዓመት በፊት አዋሽ ዳር የነበረ ፍጡር ሥጋውን በምን እንደቆረጠ የምናይበት ቦታ አለን። ከ80 ዓመት በፊት እዚሁ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ላይ ጎጆ የወጡ ባልና ሚስት በምን ዓይነት ቤት እንደኖሩ፣ ምሰሶው ከምን እንጨት እንደተጠረበ፣ ጥጃው የት እንደሚታሰር፣ እናት ምድጃዋን ከየትኛው በኩል እንደምታደርግ ልጆቻችንን ወስደን የምናሳይበት ቦታስ የት አለ?

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ነገሩ የተጀመረው በስዊድን ነው። አርቱር ሃዜሊየስ የተባለ ሰው ፋብሪካና ባቡር የገበሬውን ኑሮ በፍጥነት እየለወጡት መሆኑን አየ። ልብሱንና ዕቃውን መሰብሰብ ብቻውን አልበቃውም። ቤቶቹን ራሳቸውን ከየገጠሩ እያስፈታ ስቶክሆልም አመጣቸውና በ1891 እ.ኤ.አ. ስካንሰን የሚባለውን ሙዚየም ከፈተ። ዛሬ በብዙ የአውሮፓ አገሮች እንዲህ ያለ ሙዚየም በዚያው ስም ይጠራል።

ሀንጋሪዎች በ1896 እ.ኤ.አ. የአገራቸውን አንድ ሺህኛ ዓመት ሲያከብሩ በቡዳፔስት ኤግዚቢሽን ላይ የገበሬ ቤቶች መንደር ሠርተው ነበር። ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ መንደሩም አለቀ። ቋሚውን ሙዚየም የመሠረቱት ከ70 ዓመት በኋላ፣ በ1967 እ.ኤ.አ.፣ ሴንቴንድሬ በምትባል ከዋና ከተማዋ ብዙ በማትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ለሕዝብ የተከፈተው በ1974 ነው። ዛሬ 60 ሄክታር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ የሜዳው ገበሬ፣ የተራራው ገበሬ፣ የወይን አልሚው መንደር እየተባለ በየአካባቢው ተከፋፍሏል። ቤቱ ብቻም አይደለም፤ በረቱ፣ ጎተራው፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ ወፍጮው፣ የእንጨት ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ አለ።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅመናል። መጀመሪያ ቤቱ ቆሞ ሳለ ይለካል፣ ይሳላል፣ ፎቶ ይነሣል። እያንዳንዱ እንጨት ቁጥር ይጻፍበታል። ከዚያ ይፈታና በአዲሱ ቦታ በቁጥሩ መሠረት ይገጠማል። የጭቃ ግድግዳ ግን ተነቅሎ አይጓዝም። ስለዚህ ግድግዳው በዚያው አካባቢ አሠራር፣ አሠራሩን በሚያውቁ እጆች እንደገና ይሠራል። ለካ የሚድነው እንጨቱ ብቻ አይደለም፤ የሠሪው እጅ ያለው ዕውቀትም አብሮ ይድናል።

“እነሱ ሀብታሞች ናቸው፤ እኛ ዳቦ ሳንጠግብ…” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስቲ ወደ አፍሪካ እንምጣ። ኒጀር ከድሃ አገሮች ተርታ የምትሰለፍ ናት። ኒያሜ ላይ በ1959 እ.ኤ.አ. የከፈተችው ብሔራዊ ሙዚየም የሐውሳውን፣ የዛርማውን፣ የፉላኒውንና የቱዋሬጉን ቤት በግቢው ውስጥ አቁሟል። ታንዛኒያ በ1966 ዳሬሰላም ላይ የመንደር ሙዚየም ከፈተች። ናይጄሪያ ጆስ ከተማ ላይ የአገሪቱን ባህላዊ የቤት አሠራር የሚያሳይ ሙዚየም አላት፤ ዝቢግኒየቭ ድሞሆቭስኪ የተባለ ፖላንዳዊ አርክቴክት የደከመበት ነው። ጎረቤታችን ኬንያም ናይሮቢ ዳር “ቦማስ ኦፍ ኬንያ” በሚባለው ግቢ ውስጥ የየሕዝቡን መኖሪያ ታሳያለች። ገንዘብ አስፈላጊ ነው፤ ከገንዘቡ በፊት ግን የገበሬ ቤት ታሪክ መሆኑን ማመን ይቀድማል።

እኛ ምን አስቀመጥን?

እውነቱን እንናገር፤ ምንም አልሠራንም ማለት ግፍ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን በሰው ልጅ ዕድሜ ቅደም ተከተል፣ ከልደት እስከ ሞት ደርድሮ ያሳያል። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ሞሰቡ፣ እንስራው፣ መጅው ሁሉ የቆመው በቤተ መንግሥት ክፍል ውስጥ ነው። ቤት የሌለው የቤት ዕቃ ነው ማለት ይቻላል።

ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ከታዩላት ነገሮች አንዱ የመኖሪያ ቤቶቿ የውስጥ አሠራር ነበር። ኮንሶም በ2003 ዓ.ም. ሲመዘገብ እርከኑ ብቻ ሳይሆን በድንጋይ ካብ የታጠሩት መንደሮቹና ወጣቶች የሚያድሩበት “ሞራ” የተባለው የጋራ ቤት ዋጋ አግኝቷል። አንድነት ፓርክም በ2012 ዓ.ም. ሲከፈት ለክልሎች ማሳያ ቦታ ተሰጥቷል። እነዚህ መልካም ጅምሮች ናቸው።

ያም ሆኖ ቅርስ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ሐውልት ነው። ድንጋይ ስለሆነ ቆየ፤ ስለቆየ ታሪክ ተባለ። እንጨት፣ ጭቃና ሣር የሆነው የብዙኃኑ ቤት ደግሞ ስለማይቆይ ታሪክ የሌለው መሰለ።

አንድ ምስክር ልጥራ። ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ስትገቡ እንጦጦ ላይ፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አለ። ሂዱና እዩት። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። የንጉሡ ቤት ከገበሬው ቤት በስፋቱና በጥራቱ ይለያል እንጂ በዘዴው ያው ነው። የንጉሡ ቆሞ ይጎበኛል። ከተራራው ሥር የነበሩት የገበሬዎቹ ቤቶች ግን አንድ እንኳ ለምስክር አልተቀመጠላቸውም።

ያ ቤት ምን ነበር?

በእኛ አካባቢ፣ በሸዋ ደጋ፣ ጎጆ ሲሠራ መጀመሪያ ገመድ ከመሐል ችካል ላይ ታስሮ ክቡ ይሠመራል። ጉድጓድ ይቆፈርና የግድግዳው እንጨት ዙሪያውን ይተከላል፤ በማገር ይታሰራል። ማሰሪያው ሚስማር ሳይሆን ልጥ ነው። መሐል ላይ ምሰሶው ይቆማል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬ “ኡቱባ” ይለዋል። በአማርኛም “የቤቱ ምሰሶ” የምንለው ሰው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከምሰሶው ጫፍ ወራጆቹ ወደ ግድግዳው ይወርዳሉ። ሣሩ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይከደናል፤ ጫፉ ላይ ጉልላቱ ይቀመጣል።

ጭቃው ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፣ ለቀናት ይተዋል፣ እንደገና ይረገጣል። ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው መጽሐፍ አላነበበም፤ ከአባቱ ጋር ጭቃ ረግጧል እንጂ። ሥራው የደቦ ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ እህል ይቀርባል። አንድ ቤት ሲቆም አንድ ሰፈር አብሮ ይቆማል።

ከዚህ ዘወር ስትሉ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የቡታጅራን መንገድ ይዛችሁ ጉራጌ ብትገቡ ረጃጅም ጎጆዎች ሣር በለበሰው ሰፊ ጀፎረ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ታያላችሁ። ዶርዜ ላይ ቤቱ ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ይጠለፋል፤ ሥሩን ምስጥ ሲበላው ከታች እየተቆረጠ ያጥራል፣ ካስፈለገም ሰዎች ተሸክመው ቦታ ያስለውጡታል። ትግራይ ላይ ጣሪያው ዝርግ የሆነ የድንጋይ ሕድሞ አለ። ላስታ ላይ ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤት ይሠራል። አፋሩና ሶማሌው ቤቱን ፈትቶ በግመል ይጭናል። የአንድ አገር ሰዎች አየሩን፣ እንጨቱንና ከብቱን እያዩ ለአንድ ጥያቄ ስንት መልስ እንደሰጡ አስቡት። ፈረንጅ ሁሉንም “ቱኩል” ብሎ ጠቅልሎታል፤ እኛም አንዳንዴ ተከትለነዋል።

እንዴት ጠፋ?

“ባህላዊ ቤት” ስንል ከአዳም ጀምሮ ያልተለወጠ ነገር አድርገን እንዳናስብ። ቤቱም ታሪክ አለው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዙሪያዋ ያለው የጥድና የወይራ እንጨት ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ ተመናመነ። በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ገባ። ከዚያ ወዲህ የግድግዳው እንጨት ባሕር ዛፍ ሆነ። ምስጥ የማይደፍረው ጥድ በቶሎ በሚያድግ፣ ግን ቶሎ በሚበላ እንጨት ተተካ። አያቶቻችን “የድሮ ቤት” የሚሉት ራሱ ለአያቶቻቸው አዲስ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ቆርቆሮ መጣ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የውጭ ዕቃ ማስገባት ቀለለ፤ ቆርቆሮም ቀስ በቀስ ከቤተ መንግሥትና ከነጋዴ ቤት ወጥቶ በመንገድ ዳር ከተሞች ተሰራጨ። ቆርቆሮ ክብ ጣሪያ ላይ አይመችም። ስለዚህ ቤቱ ቅርጹን ለወጠ፤ ክቡ አራት ማዕዘን ሆነ። ጎጆን ከሸዋ ከተሞች ያስወጣው አዋጅ ሳይሆን የቆርቆሮ ጠርዝ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም። ሣሩም ዋጋ አወጣ። የሱሉልታ ሜዳ ሣር ዛሬ ድርቆሽ ሆኖ ለከተማ ላሞች ይሸጣል፤ ለክዳን ማን ይተወዋል?

በ1978 ዓ.ም. ደግሞ የደርግ የመንደር ምሥረታ በሸዋ ገጠር ተስፋፋ። ገበሬው ቤቱን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ ምሰሶውንና ወራጁን ተሸክሞ፣ በመስመር በተቀየሰ አዲስ መንደር እንደገና እንዲያቆም ተደረገ። በመላ አገሪቱ ሚሊዮኖች በዚህ አለፉ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ብዙዎች ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ፤ ሁለት ጊዜ የፈረሰ ቤት ግን ምን ይተርፈዋል?

የመጨረሻው የከተማው መስፋፋት ነው። ይህን ለእናንተ አልተርክም፤ እያያችሁት ነው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ጉዳይ ምን ያህል ቁጣ እንዳስነሣ፣ የሰው ሕይወት እንዳለፈበትና ጥር 2008 ዓ.ም. ላይ መቅረቱ እንደተነገረ እናስታውሳለን። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ከሰበታ የሚነሣው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለሉ። ፋብሪካው፣ ኮንዶሚኒየሙና ሪል እስቴቱ የቆሙት ባዶ መሬት ላይ አይደለም። እርሻ ነበር፤ በእርሻው መሐል ግቢ ነበር፤ በግቢው ውስጥ ቤት ነበር።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው፦ “ጎጆ ድህነት ነው። ጭስ እናቶቻችንን ዓይን አሳወረ፣ ሣሩ በእሳት ተቃጠለ፣ ዝናብ አስገባ። ምኑ ይናፍቃል?” ይህ እውነት ነው። ቆርቆሮ የለወጠ ገበሬ ትክክል ነው። በየጥቂት ዓመቱ ክዳን ከመለወጥ ተገላግሏል። ማንም ሰው ለቱሪስት ሲባል ጭስ ውስጥ መኖር የለበትም። ሙዚየም ያስፈለገውም ለዚሁ ነው፤ ቤቱን ለማሳየት ሰው ውስጡ እንዲኖር ማስገደድ አያስፈልግም። ጥሩ ሙዚየም ጭሱንም አይደብቅም። ጥላሸት የለበሰውን ወራጅ ሳይጠርግ ያሳያል፤ አራስ ሴት በዚያ ቤት እንዴት እንደከረመች ይናገራል። ሎጅ ውስጥ ሴራሚክ ተነጥፎለት፣ መብራት ተንጠልጥሎበት የሚከራየው ጎጆ ውብ ሊሆን ይችላል፤ ስለ አያቶቻችን ግን የሚነግረን ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። “ገበሬውን ከመሬቱ አንሥታችሁ ቤቱን ሙዚየም ልታስገቡት ነው? ሰውየው ዘበኛ ሆኖ፣ ጎጆው ቅርስ ሊሆን?” ይህን የሚል ሰው ምክንያት አለው። ከውጭም ምሳሌ አለ። ሮማኒያ በ1936 እ.ኤ.አ. በዲሚትሪዬ ጉስቲ መሪነት ቡካሬስት ላይ ድንቅ የመንደር ሙዚየም ከፈተች። ያው አገር በ1988 በቻውሼስኩ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ መንደሮችን ለማጥፋት ዕቅድ አወጀ። ሙዚየም ያለው መንግሥት መንደር አያፈርስም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሙዚየሙ ለካሳ ምትክ፣ ለበደል ማለባበሻ ከሆነ ባይሠራ ይሻላል። የሚሠራ ከሆነ ቤቱ ከባለቤቱ ተገዝቶ፣ የባለቤቱ ስምና የቤተሰቡ ታሪክ ደጃፉ ላይ ተጽፎ፣ ያ ቤት ለምን ከቦታው እንደተነሣም ሳይሸሸግ ተነግሮ መሆን አለበት።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

እኔ የምለው ሰፊ ቤተ መንግሥት አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ግቢ ይበቃል። አንድ የሸዋ ኦሮሞ ገበሬ ግቢ ከነበረቱና ከነጎተራው፤ አንድ የጉራጌ ጎጆ፤ አንድ የመንዝ ወይም የሰላሌ ደጋ ቤት፤ አንድ በመንገድ ዳር ከተማ የነበረ የጭቃና የቆርቆሮ ቤት ከነጠጅ ቤቱ ወይም ከነሱቁ፤ አንድ በመንደር ምሥረታ ጊዜ የተሠራ ቤት። አዎ፣ የቆርቆሮውና የመንደር ምሥረታውም ይግባ። ያማረውን ብቻ መርጦ ማስቀመጥ ታሪክ አይደለም።

ቦታው ለምን በእኛ ዙሪያ? ለአዲስ አበባ ተማሪ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነው። ወደ መልካ ቁንጡሬ፣ ወደ አዳዲ ማርያምና ወደ ጢያ የሚሄደው መንገድ በዚሁ ያልፋል፤ የመናገሻ ሱባ ደንም እዚሁ ነው። ጥድ ምን እንደሚመስል ቆሞ የሚታይበት ደን አጠገብ ከጥድ የተሠራ ቤት ቢቆም ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል። ሕጉም ቢሆን አለ፤ የ1992 ዓ.ም. የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209 ስለ ቤተ መንግሥት ብቻ የወጣ አይደለም።

መንግሥት እስኪያስብበት ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ሙዚየም ከመከፈቱ በፊት የሚሠራው ትልቁ ሥራ መለካትና መመዝገብ ነው፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ ስልክና ሜትር ይበቃል። ገጠር ቆሞ የቀረ የቤተሰብ ጎጆ ካላችሁ፣ በዚህ ዓመት ሳትደርሱበት አትቅሩ። ዙሪያውንና የምሰሶውን ቁመት ለኩ። መደቡ፣ ጓዳው፣ ምድጃው የት እንደሆነ በወረቀት ሳሉ። ክዳኑን ከውስጥ ፎቶ አንሡ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ በሉ። አባባን “እንጨቱ ከየት መጣ? ማን ከደነው? ስንት ሰው ደቦ ወጣ?” ብላችሁ ጠይቁ። እማማን ደግሞ ለብቻቸው ጠይቁ፤ የቤቱን ግማሽ ታሪክ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ መደቡን የለሰነው፣ ወለሉን በእበት የለቀለቀው የሴት እጅ ነው። ድምፃቸውን ቅዱ። በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በጉራጊኛም ቢሆን የእያንዳንዱን እንጨት ስም በራሳቸው ቋንቋ አስጠሯቸው። እንጨቱ ቢበሰብስም ስሙ ይተርፋል፤ ስሙ ካለ ደግሞ ነገ መልሶ የሚሠራው ሰው ይገኛል።

ጣሪያ መክደን የሚያውቁ ሰዎች በዙሪያችን እያነሱ ነው። አንድ ሽማግሌ ሲሞት ቤቱ ቆሞ እንኳ ቢቀር፣ እንደገና የሚከድነው ይጠፋል። ሀንጋሪዎች ከኤግዚቢሽኑ እስከ ሙዚየሙ 70 ዓመት ፈጀባቸው። እኛ ያን ያህል ጊዜ ያለን አይመስለኝም።

የምታውቁት ቆሞ ያለ ቤት ወይም ክዳን የሚችል ባለሙያ ካለ አስተያየት ላይ ጻፉልን፤ ወረዳውን ብቻ ጥቀሱ፣ የሰው ስልክ አታስቀምጡ። ለሚመለከተው ሰውም አጋሩት።

ቸር ሰንብቱ።